ምጣዱን ማን ይሸከመዋል?

እ.ኤ.አ. በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ በምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር 10.5 ኪሎዋት የሚሰጥ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ተተከለ። በዚያ ዘመን በአገራችን ከተተከሉት ትልቁ ሲሆን፣ በመንደሩ ውስጥ በተዘረጋ መስመር ለ300 ያህል አባወራዎች መብራት ያዳርስ ነበር። ሲካፈል ለአንድ ቤት የሚደርሰው 35 ዋት ብቻ ነው። በኩራዝ ሲያመሽ ለኖረ ቤት ግን 35 ዋት ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅ ያጠናበታል፣ እናት የምታበስለውን ታይበታለች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ የመንደሩን የውሃ ፓምፕና የእህል ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ተብሎ ጣቢያው ወደ 30 ኪሎዋት አደገ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምይዘው ሁለተኛውን ቁጥር ነው። 300 ቤት ያበራ የነበረ ጣቢያ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ያደገው የቤቱ ቁጥር ሦስት እጥፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሞተር ስለመጣ ነው። ወፍጮ በቀን የሚሠራው ጥቂት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ሲነሳ ግን የሚጠይቀውን በዚያችው ቅጽበት ካላገኘ ጭራሽ አይነሳም። መብራት ኃይል ቢያንሰው ይደበዝዛል፣ ሞተር ግን ባለበት ይቆማል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል።

ዛሬ ይኸው የሞተር ጥያቄ ከመንደር ወደ ግቢያችን መጥቷል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት፣ የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሲታደል፣ ብዙ ሰው ስለ ፓኔልና ባትሪ መጠየቅ ጀመረ። ሱቅ የገባ ሁሉ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ዋት ላድርግልዎ?» መልሱን ከሻጩ የሚጠብቅ ገዢ ብዙ ነው። ሻጩ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ምን ከምን ጋር አብሮ እንደሚበራ አያውቅም።

ከሱሉልታ በኩል ያለ አንድ ቤት ልንገራችሁ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጣሪያቸው ላይ እያንዳንዳቸው 330 ዋት የሆኑ አራት ፓኔሎች፣ ጓዳው ጥግ ደግሞ ባለ 200 አምፔር ሰዓት ሁለት ጄል ባትሪዎች አሉ። ቤቱ ውስጥ የሚሠራው በማናችንም ቤት ያለው ነው፤ ስምንት ባለ 9 ዋት አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይ፣ ላፕቶፕ፣ ፍሪጅ፣ ውሃ ከታች ገንዳ ወደ ጣሪያው ሮቶ የምትገፋ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ፣ ከዚያ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ።

መጀመሪያ የገዙት ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው መሣሪያ፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «3000 ዋት» የሚል ነበር። ከሥር በደቃቅ ፊደል ያለማቋረጥ የሚሰጠው 1500 እንደሆነ፣ 3000 የሚባለው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚችለው ጣሪያ እንደሆነ ተጽፏል። ባለ 12 ቮልት ነው፤ የሚያወጣው ሞገድም ንጹህ ሳይን ዌቭ ሳይሆን በደረጃ የተቆራረጠው ዓይነት ነው። አምፖሉና ቴሌቪዥኑ ያለ ችግር ሠሩ። ፍሪጁ ሲነሳ መብራቱ ብልጭ ይልና ይመለሳል፤ ኮምፕረሰሩ ደግሞ መንግሥት መብራት ላይ ሆኖ የማያሰማውን ወፍራም እምምታ ያሰማል። አንድ ጠዋት ፍሪጁ እየሠራ ሳለ ፓምፑ ተሰካ። ኢንቨርተሩ ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ ቀይ መብራት አበራ፣ ቤቱ በሙሉ ጸጥ አለ።

የሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ከተነሳ በኋላ ሲሠራ የሚስበው 550 ዋት ገደማ ነው። ሲነሳ ግን ለአንድ አፍታ የዚያን አራት እጥፍና ከዚያም በላይ፣ ማለትም 2,200 እስከ 2,400 ይጠይቃል። ይህን ከ12 ቮልት ባትሪ ለማውጣት 200 አምፔር በገመዱ ውስጥ ማለፍ አለበት። ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር የተዘረጋው ገመድ ቀጭንና ረጅም ስለነበር ቮልቱ መንገድ ላይ አለቀ፤ ኢንቨርተሩ ጋ ሲደርስ ባትሪው የሞተ ይመስል ነበር። መሣሪያውም ባትሪ ለማዳን ተብሎ እንደተሠራው ራሱን አጠፋ። ያን ጊዜ ገመዱን በእጅ የነካ ሰው ሙቀቱ ይሰማው ነበር።

ሱቁ የሰጣቸው ምክር «ትልቅ ይውሰዱ» የሚል ነው። ወሰዱ። ባለ 5 ኪሎዋት፣ ባለ 24 ቮልት፣ ንጹህ ሳይን ዌቭ። ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ ተያያዙ፣ ገመዱም ወፍሮ ተቀየረ። ፓምፑ ያለ ጩኸት ተነሳ፣ የፍሪጁም እምምታ ጠፋ። ቤተሰቡ ደስ አለው። ብዙም ሳይቆይ ግን ማለዳ ላይ ባትሪው ባዶ እየሆነ ቤቱ በጨለማ መንቃት ጀመረ። ፓኔሉ አልተቀነሰም፣ አዲስ ዕቃም አልተሰካም።

ብዙ ሰው የማያየው እዚህ ላይ ያለውን ነው። ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት ለራሱ ይበላል። ትልቅ ሲሆን ደግሞ የሚበላውም ትልቅ ይሆናል። የእርሳቸው ባለ 5 ኪሎዋት ባዶውን 60 ዋት ይወስድ ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች እስከ ማለዳ ድረስ ያለውን 13 ሰዓት ብንቆጥር 780 ዋት ሰዓት ይሆናል። ሁለቱ ባትሪዎች በድምሩ 4,800 ዋት ሰዓት ይይዛሉ፤ ጄል ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ደግሞ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ስለዚህ ለሌሊቱ ያለው 2,400 ነው፤ ከዚህ ሲሶው ማንም ሳይጠቀምበት በኢንቨርተሩ ሙቀት አለቀ ማለት ነው። በቀንና ሌሊት ሲደመር 1,440 ዋት ሰዓት፣ አንድ ፍሪጅ በቀን ከሚበላው የማይተናነስ። «ትልቅ ቢሆን አይጎዳም» የሚለውን ምክር የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው። ይጎዳል፤ በየሌሊቱ ይጎዳል።

ከዚያ የምጣዱ ቀን መጣ። መብራት ሄዷል፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል። ኢንቨርተሩ 5 ኪሎዋት ነው፣ ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት፤ በወረቀት ላይ ይበቃል። ምጣዱ ተሰካ፤ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ጩኸቱ መጣና ሁሉም ጠፋ።

ከዚህ በኋላ ነው ሌላ ባለሙያ የተጠራው፤ ክላምፕ ሜትሩን በኪሱ የያዘ ወጣት። ምንም ከመንካቱ በፊት ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ምጣዱንም በዚህ ሊያስኬዱት ነው ያሰቡት?»

«ታዲያ 5 ኪሎዋት ለምን ገዛሁ ልጄ? ምጣድ ካልጋገረ ምኑን ሶላር ሆነ?»

«ኢንቨርተሩማ ይችለዋል። የማይችለው ባትሪው ነው።»

ልጁ ያለው እውነት ነው። 3,500 ዋት ከ24 ቮልት ሲወጣ፣ መንገድ ላይ የሚጠፋው ሲጨመር 160 አምፔር ይሆናል። ባለ 200 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ ያ ቁጥር የተጻፈበት በ20 ሰዓት ውስጥ በዝግታ፣ በ10 አምፔር ሲራገፍ ነው። 16 እጥፍ ሲጎተት የያዘውን ሁሉ አይሰጥም፤ ቮልቱ ወዲያው ይወርዳል። ቢሰጥ እንኳ ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚጋገር ሊጥ፣ ምጣዱ ያለማቋረጥ ከነደደ፣ ከ5,000 ዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ሁለት ሌሊት የሚያሳድረውን በአንድ ጋገራ መጨረስ ነው።

ከዚያ ልጁ ፍሪጁን፣ ፓምፑን፣ ቴሌቪዥኑን አንድ በአንድ እያበራ ለካ፤ የሚሠሩበትን ብቻ ሳይሆን ሲነሱ ሜትሩ የሚዘለውንም ጻፈ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ይህን ይመስላል። አምፖል በሙሉ 72፣ ቴሌቪዥን 60፣ ዋይፋይ 12፣ ላፕቶፕ 65፣ ፍሪጅ 150፣ ፓምፕ 550። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢሠራ 909 ዋት። ከዚያ ከባዱ ሰከንድ ተፈለገ፤ ሌላው ሁሉ እየሠራ (359 ዋት) ፓምፑ ሲነሳ (2,400)። ድምሩ 2,759። የዚያ ቤት ኢንቨርተር የሚመረጠው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው። ያለማቋረጥ 909ን ተሸክሞ ትርፍ የሚኖረው፣ ለአፍታ ደግሞ 2,759ን የሚችል። ሩብ ያህል ትርፍ ሲጨመርበት የመጀመሪያው ቁጥር 1,136 ይሆናል። ፓኔሉ 1,320 ዋት መሆኑ በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። ኢንቨርተርን በፓኔል መጠን መምረጥ ያመነጩትን ለመንግሥት መስመር ለሚሸጡ አገሮች የሚሆን ሥርዓት ነው፤ በኢንተርኔት የሚታየው የውጭ ቪዲዮ አብዛኛው ስለዚያ ነው የሚያወራው። በባትሪ ለሚያድር ቤት የሚቆጠረው ጭነቱ ነው።

ለሱሉልታ ሌላም መታሰብ ያለበት አለ፤ ከፍታው። ቦታው ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባም ብትሆን 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ሲባል አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ኢንቨርተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። ብዙዎቹ መሣሪያዎች መመሪያቸው ላይ ሙሉ አቅማቸውን የሚሰጡት እስከ 1,000 ወይም እስከ 2,000 ሜትር ድረስ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲያ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ይጽፋሉ። ያ ገጽ ለእኛ አገር ሰው የተጻፈ ያህል ነው፤ ሱቅ ውስጥ ግን ሲገለጥ አይታይም። ሰመራ ወይም ድሬዳዋ የሚኖር ሰው ችግሩ ሌላ ነው። እዚያ ከፍታ ሳይሆን ሙቀት ነው አቅም የሚቀንሰው፤ ኢንቨርተሩን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳይሆን ንፋስ በሚያገኝ ግድግዳ ላይ መስቀል ያስፈልጋል።

ስለዚህ ልጁ የመረጠው 2 ኪሎዋት ነው። ከከፍታው 10 በመቶ እንኳ ቢቀነስ 1,800 ይቀራል። መለያው ላይ የተጻፈው 2.5 ኬቪኤ ነበር፤ መምህሩም «2.5 አይደል እንዴ?» ብለው ጠይቀዋል። ኬቪኤ ብቻ የተጻፈበት ዕቃ በዋት ስንት እንደሆነ ካልተገለጸ በ0.8 አባዝቶ መያዝ አይጎዳም፤ 2.5 ሲባዛ 2 ኪሎዋት ይሆናል። ዕቃው ከብዶ በሁለት ሰው ነው የተነሳው። ክብደቱ ውስጡ ካለው የመዳብና የብረት ትራንስፎርመር የመጣ ነው፤ እንዲህ ያለው ኢንቨርተር ለጥቂት ሰከንድ ሁለት ሦስት እጥፍ መሸከም ይችላል። ቀላሉ ዓይነት ጥሩ ነው፣ ርካሽም ነው፤ ነገር ግን እጥፉን የሚሸከመው ለቅጽበት ብቻ ስለሆነ ፓምፕ ያለበት ቤት ከባዱን ቢያስቀድም ይሻለዋል። ይኸኛው ባዶውን የሚበላው 20 ዋት ነው፤ ከበፊቱ ጋር ሲነጻጸር በቀን 960 ዋት ሰዓት ተረፈ። ተጨማሪ ባትሪዎች ለመግዛት ተይዞ የነበረው ገንዘብ በዚያ ምክንያት በኪስ ቀረ።

ባለ 12 ቮልቱ ለምን ቀረ ለሚል፤ በኢንቨርተር ዓለም ዋት ሲጨምር ቮልትም አብሮ ቢጨምር ነው የሚያዋጣው። 3,000 ዋት በ12 ቮልት 250 አምፔር፣ በ24 ቮልት 125፣ በ48 ቮልት 62.5 አምፔር ነው። 250 አምፔር የሚችል ገመድ ውድ ነው፣ መገጣጠሚያው ትንሽ ከላላ ደግሞ እሳት ያስነሳል። በእኔ ግምት ከ1,000 ዋት በላይ ለሚያስብ ቤት 12 ቮልት አይመከርም። ሊቲየም የሚገዛ ሰው ደግሞ ባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ስንት አምፔር እንደሚለቅ ይጠይቅ። 100 አምፔር ብቻ የሚለቅ ባለ 12.8 ቮልት ሊቲየም ከ1,280 ዋት በላይ አይሰጥም፤ ላዩ ላይ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር ቢሰቀልበት ትርፉ ወጪ ብቻ ነው።

ከውጭ የሚላክ ዕቃም መነሳት አለበት። ዋሽንግተን ወይም አትላንታ ያለ ወንድም በደግነት ኢንቨርተር ገዝቶ በሻንጣ ሲልክ አይቻለሁ። የአሜሪካ ቤት 120 ቮልትና 60 ኸርትዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርትዝ። ከሳዑዲ የሚመጣውም ድግግሞሹ 60 ስለሆነ፣ ወደ 50 የሚቀየርበት ማስተካከያ ከሌለው ለፍሪጅና ለፓምፕ ሞተር አይሆንም። ከአውሮፓና ከእስራኤል የሚመጣው 230 ቮልትና 50 ኸርትዝ ስለሆነ ይስማማል። ላኪው ካርቶኑን ፎቶ አንስቶ ከመግዛቱ በፊት ቢልክ የአየር ጭነቱ ገንዘብ አይባክንም።

አሁን ወደ ምጣዱ። መምህሩ በቀላሉ አልተቀበሉትም፤ ባለቤታቸው ናቸው ነገሩን የቋጩት። «እንጀራ በየቀኑ አልጋግርም። በሳምንት ሁለቴ ነው፤ መብራት ያለበትን ቀን መርጬ እጋግራለሁ፣ ሌማት ሙሉ ካለ ሦስት አራት ቀን ያደርሰናል» አሉ። ልጁ ያን ሲሰማ ፈገግ አለ። ይህች አረፍተ ነገር የአንድ ትልቅ ኢንቨርተርና የስድስት ባትሪ ዋጋ አድናለች። የጋገራ ቀን መምረጥ እናቶቻችን ከኤሌክትሪክ በፊት ጀምሮ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ሶላር የሚተከልበትም ቤት ኑሮውን በዚያ ማቀድ ይችላል። የካውያውም፣ የውሃ ማሞቂያውም፣ የሻይ ማፍያውም መልስ ይኸው ነው። የሚያግል ዕቃ ሁሉ ለአጭር ጊዜ ብዙ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ መንግሥት መብራት ሲኖር ይሠራ። በኢንቨርተሩ ላይ የሚቀመጠው ቤቱ ሌሊት ያለ እርሱ የማይሆንለት ብቻ ነው።

ምጣድን በፀሐይ መጋገር አይቻልም ማለቴ አይደለም። መስመር ጨርሶ ያልደረሰበት ቤት ሊገደድበት ይችላል። ያን ጊዜ 5 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ኢንቨርተር፣ 48 ቮልት፣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ ሊቲየም፣ በዚያው ልክ ሰፊ ፓኔል ያስፈልጋል፤ ጋገራውም በቀትር፣ ፓኔሉ በሙሉ አቅሙ ሲሰጥ መሆን አለበት። ሐምሌና ነሐሴ ሲጠቁር ደግሞ ማገዶ በእጅ መኖሩ አይከፋም። ይህን ሁሉ አስቦ፣ ዋጋውን አውቆ የሚገዛ ሰው ልክ ነው። የማይሆነው ምጣዱን ሳይቆጥሩ ገዝተው በኋላ መሰካት ነው፤ ወይም በዓመት አንዴ ለምትሰካ ምጣድ ብሎ ዓመቱን ሙሉ 60 ዋት ሲያባክን የሚያድር መሣሪያ መስቀል።

ልጁ ማከፋፈያ ሳጥኑን ለሁለት ከፈለው። ምጣዱ፣ ስቶቩና የሻወሩ ማሞቂያ ከቆጣሪ በቀጥታ የሚመጣውን መስመር ይዘው ቀሩ፤ መብራት ሲሄድ እነርሱም ይሄዳሉ፣ ማንም ረስቶ ቢሰካቸው ኢንቨርተሩን አይነኩም። አምፖሎቹ፣ ፍሪጁ፣ ፓምፑና የሳሎኑ ሶኬቶች በአዲስ ብሬከር ወደ ኢንቨርተሩ ዞሩ። ፓምፑ ላይ ሰዓት ቆጣሪ ተገጠመለት፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ይነሳል። ባለ 5 ኪሎዋቱ ለአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተሸጠ፤ እዚያ ቀን ቀን ብቻ ነው የሚበራው፣ ማታ ባለቤቱ ማብሪያውን አጥፍቶት ይሄዳል።